የአይሪስ ፖላርድ ድምፅ

«ይቺኛዋ ደግሞ ታነጋግረናለች» አለች የምርጫው ኃላፊ፣ የመጨረሻዋን አጠራጣሪ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ እየዘረጋች።

ዴዝመንድ ታክሬይ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ጎንበስ አለ። በስሙ ትይዩ የኤክስ ምልክት አለ፤ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ጥርት ያለ። ከሥሩ ግን አንድ ሰው ያልተጠየቀውን በእርሳስ ጽፎበታል። «አይሪስ ፖላርድ፣ 53 ሃርበክ ሕንፃ።»

ታክሬይ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ።

ከምርጫው ማግስት ነው፣ አርብ ከቀትር በኋላ። የስፖርት አዳራሹ ውስጥ ቆጠራው ሁለት ጊዜ ተደግሟል። ታክሬይ ሃያ ሁለት ዓመት በከተማዋ ምክር ቤት ተቀምጧል፤ አሁን ከወጣቷ ተፎካካሪው ከሩክሳና ዲን ጋር እኩል አንድ ሺህ አንድ መቶ ስድስት ድምፅ ላይ ቆመዋል። የቀረችው ይቺ ወረቀት ብቻ ናት።

«መራጩ የገዛ ስሙን ከጻፈ ወረቀቱ ውድቅ ነው» አለች ኃላፊዋ። «የሌላ ሰው ስም ከሆነ ግን ምልክቱ ይቆጠራል። ይህን ስም የሚያውቅ አለ?»

የታክሬይ ወኪል ግሌኒስ የመራጮችን መዝገብ ስታገላብጥ ቆይታ ጣቷ አንድ መስመር ላይ ቆመ። ፊቷ ጠቆረ። «አለች። ፖላርድ፣ አይሪስ፣ ሃምሳ ሦስት ቁጥር» አለች። ከዚያ ወደ ታክሬይ ጆሮ ጠጋ ብላ «የራሷን ስም ጽፋ አበላሸችብን እኮ ዴዝ! ምን ዓይነት ሴትዮ ናት?» አለችው።

«ውድቅ ከሆነ እኩል ናችሁ፤ ዕጣ እናወጣለን» አለች ኃላፊዋ። «ወይዘሪት ዲን፣ የሚሉት ነገር አለ?»

ሩክሳና ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ «የለኝም» አለች።

ታክሬይም ዝም ማለት ይችል ነበር። ሴትዮዋ ሦስት ጊዜ እንደደወለችለት ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ሚስቱ እንኳ አታውቅም። ከየካቲት ወዲህ ግን የገዛ ቤቱን ደረጃ ሲወጣ ከኋላው የሚያለከልክ ሰው ይሰማዋል። ቆም ብሎ ያዳምጣል። እሱ ሲቆም ከኋላው ያለችውም ትቆማለች። ትንፋሿን እስክትሰበስብ እንደሚጠብቅ ሰው የደረጃውን መደገፊያ ይዞ ይቆያል፤ ሚስቱ ከላይ «ጉልበትህ ነው?» ትለዋለች፤ «አዎ» ይላታል።

«እሷ አይደለችም የጻፈችው» አለ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «ሞታለች። የካቲት ላይ። ከመዝገቡ ገና አልተሰረዘችም።»

የግሌኒስ ዓይን በራ። «እንግዲያማ ይቆጠራል!»

ታክሬይ ግን አላቆመም። ማንም አልጠየቀውም፤ እሱ ግን ወረቀቱን እያየ ቀጠለ።

«ዘጠነኛ ፎቅ ነበር የምትኖረው። ሊፍቱ ከቆመ አሥራ ሰባት ቀን ሆኖት ነበር። ‹ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኛል፣ እርስዎ ለምክር ቤቱ ቢነግሩልኝ› አለችኝ። እሺ አልኩ። ደግማ ደወለች፤ እሺ አልኩ። በሦስተኛው ‹ማክሰኞ ራሴ መጥቼ አያለሁ› አልኳት። ማክሰኞ ዘነበ፤ ቤቴ ዋልኩ። በማግስቱ ስድስተኛውና ሰባተኛው ፎቅ መሀል ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኟት። የገዛችው ወተት አጠገቧ ነበር።»

በሚቀጥለው ጠረጴዛ የነበሩት ድምፅ ቆጣሪዎች እጃቸው ወረቀቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ኃላፊዋ ብዕሯን አስቀመጠች፤ መልሳ አነሳችው።

«አዝናለሁ» አለች። «መራጩ ማን እንደሆነ አልታወቀም ማለት ነው። ድምፁ ትክክለኛ ነው። ለአቶ ታክሬይ።»

«ውድቅ ይሁንልኝ» አለ ታክሬይ።

ግሌኒስ የኮቱን እጅጌ ጎተተችው። «ምን ነካህ ዴዝ? ዝም በል።»

«አይችሉም» አለች ኃላፊዋ ቀስ ብላ። «ድምፁ የእርስዎ አይደለም። የሰጠው ሰው ድምፅ ነው።»

ከሩብ ሰዓት በኋላ መድረክ ላይ ወጡ። አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰባት ተብሎ ሲነበብ የፓርቲው ሰዎች አጨበጨቡ፣ አንዱ አፏጨ። ሩክሳና እጇን ዘረጋችለት፤ ጨብጣው ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«እኔም አውቃት ነበር፣ አቶ ታክሬይ። ቀብሯ ላይ ነበርኩ። አራት ሰው ነበርን።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ዕጣው ለእኔ ሊወጣ ይችል ነበራ» አለች፤ ፊቷን ዞር አደረገችና ከመድረኩ ወረደች።

ማይክሮፎኑን ሰጡት። ከቀሩት ሦስቱ አንዱ ነው የጻፈው፣ አለ በልቡ። ወይ ጎረቤቷ፣ ወይ ወንድሟ፣ ወይ ቄሱ። ትናንት ከሥራ በፊት ወይ በኋላ ሰልፍ ይዞ፣ ያቺን በክር የታሰረች እርሳስ አንስቶ፣ ሳይቸኩል ምልክቱን በእሱ ስም ትይዩ አደረገ። የተናደደ ሰው ለሌላ በመረጠ ነበር። ታክሬይ ቢሸነፍ ባሕሩ ዳር ወዳለችው ትንሽ ቤቱ ይሄዳል፤ ድንች ይተክላል፤ አንድ ሁለት ክረምት ያልፋል፤ ስሟም ከአፉ ይጠፋል። የጻፈው ሰው ይህን አስቦበታል። እንዲሄድ አልፈለገም።

«ለመረጣችሁኝ ሁሉ» ብሎ ጀመረ ታክሬይ።

ከታች ፊቶቹ ሁሉ ወደ እሱ ዞረዋል፤ አንዳንዱ ፈገግ ብሏል፤ አንዳንዱ ኮቱን ለብሶ ለመውጣት ተዘጋጅቷል። እሱ ግን አንድ በአንድ፣ ከፊተኛው ረድፍ ጀምሮ፣ እያንዳንዱን ፊት ያይ ጀመር።