«አይሆንም» የተባለው ኩላሊት

«በሩን ዘግቼዋለሁ… እናትሽም አክስትሽም አይሰሙሽም። አሁን እውነቱን ንገሪኝ። ኩላሊትሽን ለወንድምሽ መስጠት ትፈልጊያለሽ?»

ልብስ ሰፊዋ የቦርሳዋን ማንገቻ እየጠመዘዘች ወለሉን ታያለች…

«ምርመራው ይስማማል ተብሎ የለ እንዴ?» አለች በመጨረሻ።

«ይስማማል» አሉ ዶክተሯ። «እኔ የጠየቅኩሽ ግን ስለ ደምሽ አይደለም። ስለ አንቺ ነው።»

ይሄኔ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ታላቅ ወንድሟ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ያሳደጋት እሱ ስለሆነ «ጋሼ» ነው የምትለው።

ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ዓመት አልፏል። በሳምንት ሦስት ቀን ደሙ በማሽን እየታጠበ ነው ያለው።

እናታቸው እንዲሰጡት ዕድሜያቸውም የደም ግፊታቸውም አልፈቀደም። ሌላ ወንድም የለ፣ ሌላ እህት የለ…

የቀረችው እሷ ናት።

ያን ዕለት ጠዋት እናቷ ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት እግሯ ላይ ወድቀው «ልጄን አትርፊልኝ!» ብለዋታል።

አክስቷ ደግሞ «ምን ትጠይቋታላችሁ፣ ወንድሟ አይደል እንዴ!» ብላ ነገሩን ጨረሰችው።

እሺ አለች። ምን ትበል?

«ዶክተር… አልዋሽዎትም። ፈርቻለሁ» አለች። «ልጆች አሉኝ ብዬ ባመካኝ ይቀለኝ ነበር። ግን የፈራሁት ለራሴ ነው። ባልነቃስ እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ከርሜያለሁ። ይህን ብናገር እናቴ ዓይኔን አታይም…»

ዶክተሯ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እንግዲያው ስሚኝ። ውጭ ላሉት የምነግራቸው "ለመለገስ አትሆንም" ብቻ ነው። ለምን ብለው ቢጠይቁኝ የታካሚዬ ምስጢር ነው። አበቃ።»

ኮሪደሩ ላይ ሲነገራቸው እናቷ ተዝለፍልፈው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

ወንድሟ ግን ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ «አይዞሽ ሚጣ… አንቺ ምን ታደርጊ» አላት።

ይቺ «አንቺ ምን ታደርጊ» ናት የገደለቻት።

ከዚያ በኋላ ያሉት አራት ወራት…

ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቧ ድንግጥ ይላል። እናቷ ከሆኑ ደግሞ ጠርቶ እስኪያበቃ ትተወዋለች።

የማንን ጨርቅ በማን ልክ እንደቆረጠች አታውቅም። የአንዷን ደንበኛ ቀሚስ እጅጌውን ገልብጣ ሰፍታ «ምን ነካሽ አንቺ?» ተብላለች።

ወንድሟን እጥበት ልታደርስ ስትሄድ ደሙ በቱቦው ሲመላለስ እያየች ሳታውቀው ወገቧን ትይዛለች…

እዚህ ጋ ነው ያለው። የደበቅኩት፣ ትላለች በልቧ።

አንድ ሰኞ ወንድሟ እጥበቱ መሃል ግፊቱ ወርዶ ራሱን ሳተ። ነርሶቹ ተሯሯጡ። እሷን ከመጋረጃው ውጭ አቆሟት።

አሥር ደቂቃ…

ዓይኑን ሲገልጥ መያዝ አቃታት። ዘረገፈችው።

«ጋሼ… ዋሽቼሃለሁ። ኩላሊቴ ይስማማል። ፈርቼ ነው…»

ወንድሟ ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምን?!»

«ያን ዕለት ከአንቺ በፊት ዶክተሯ ጋ ገብቼ ነበር። "ውጤቱ ምንም ይሁን፣ ብቻዋን ይጠይቋት። ካልፈለገች ለእናቴም ለእኔም አትሆንም ብቻ ይበሉን" ብዬ የለመንኳቸው እኔ ነኝ።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች…

«እማ እግርሽ ላይ ስትወድቅ ፊትሽ አመድ መስሎ ነበር፣ ሚጣ። ዶክተሯ አንድም ነገር አልነገሩኝም። ግን ከክፍሉ ስትወጪ ዓይኔን ማየት ሲያቅትሽ ገባኝ።»

«አልተቀየምከኝም?»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ተቀይሜሽ ነበር! መልአክ አይደለሁም። ኋላ ግን… ስንት ዓመት ሹፌር ሆኜ ተሳፋሪ በግድ ጭኜ አላውቅም፤ አሁን በእህቴ ልጀምር?»

ሁለቱም ሳቁ። እሷ ሳቋ ወደ ለቅሶ ዞረባት እንጂ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ዶክተሯ ጋ ብቻዋን ሄዳ «እሰጣለሁ» አለች።

«ማን ላከሽ?»

«ማንም አያውቅም።»

«እንግዲያው አንድ ወር ቆይተሽ ተመለሺ። ካልመጣሽ አልደውልልሽም፣ አልጠይቅሽምም።»

በወሩ መጣች።

ያስቸገረው ወንድሟ ነበር። «ጸጸት ከሆነ የገፋሽ አልቀበልም!» ብሎ እምቢ አለ።

«አሁንም ፈርቻለሁ» አለችው። «ግን ዛሬ የምፈራው ቢላዋውን ብቻ ነው። ያኔ እናንተንም ነበር የምፈራው።»

እጇን ጨብጦ እሺ አላት።

የቀዶ ጥገናው ዕለት ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ነው የገባችው። ለዘጠኝ ቀን በሕመም ተንገላታለች፤ «ቀላል ነው» ብላ ለማንም አታወራም።

ወንድሟ ዛሬ መሪውን ጨብጧል። እህቱም መኪናዋ ፊት ተቀምጣ ልብስ ትሰፋለች፤ የስፌት መኪናዋን ማለቴ ነው።

ወዳጆቼ…

«እምቢ» ማለት በማይቻልበት ቤት የሚባል «እሺ» ስጦታ አይደለም። የምንወደውን ሰው ስንለምን እምቢ የሚልበትን በር ክፍት እንተውለት። በገዛ ፈቃዱ የሚመለሰው በዚያው በር ነው። ባይመለስም ሰውነቱ የራሱ ነው።

እስቲ እናንተ ፍረዱ…

ዶክተሯ እውነቱን ከእናትየው መደበቃቸው ልክ ነበር? በልብስ ሰፊዋ ቦታ ብትሆኑስ፣ ያቺ በር ተዘግታ ስትጠየቁ መልሳችሁ ምን ይሆን ነበር?

ሳታፍሩ ከታች ጻፉልኝ። «እፈራለሁ» ብሎ የጻፈ ሰው እዚህ ገጽ ላይ አይሰደብም።