የቦኖው ምርቃት

የከተማው ውሃ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ በሙያው የሚመካ ሰው ነበር፤ «ውሃ ቢጠፋ እንኳ መግለጫ አይጠፋም» እያለ ጀማሪዎችን ያስተምራል። በገዛ ሰፈሩ የተተከለው ቦኖ በሚመረቅበት ዕለት ቧንቧው ጠብ አልል ቢል፣ ከአጥሩ ጀርባ የውሃ ቦቴ አስደብቆ በጎማ አገናኘው። ሪባኑ ተቆርጦ ውሃው ሲንፎለፎል እልልታው ቀለጠ። እርሱም ለካሜራው ደረቱን ነፍቶ፣ «ከእንግዲህ የሰፈራችን ነዋሪ ቦቴ መጠበቅ ቀረለት!» አለ። ሥራ አስኪያጁ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው።

አመሻሹ ላይ ቤቱ ሲደርስ ግቢው ድንኳን ተጥሎበታል፤ በማግስቱ ሴት ልጁን ይድራል። ጎረቤቶች ሽንኩርት ይከትፋሉ። በርሜሎቹ ግን ባዶ ናቸው።

«ያዘዝነው ቦቴ አልመጣም እንዴ?» አለ ደንግጦ።

«መጥቶ ነበር፤ መለስኩት» አለች ባለቤቱ፣ ፊቷ በኩራት እያበራ። «ሾፌሩ ‹ኧረ እትዬ፣ ኋላ ይቆጭዎታል› ቢለኝ፣ ‹ባሌ በቴሌቪዥን የተናገረውን አልሰማህም?› አልኩት። በል የኔ ጌታ፣ አንተው ምራቸውና ከቦኖህ ይቅዱ።»

ጎረቤቱ ሁሉ ጀሪካኑን አንሥቶ ተሰለፈ። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ውድ የሰፈራችን ነዋሪዎች…» ብሎ ጀመረ።