የሙቀቱ መውጫ

ኤሌክትሪሺያኗ የፍሎረሰንቱን ክዳን ስትነካው ጣቷን ለበለባት። «አው ሳኒ፣ መብራትዎ ታፍኖ ነው፤ ሲግል ብርሃኑ ይቀንሳል» አለች። ክዳኑን አውርዳ ጫፍና ጫፉን በመሰርሰሪያ በሳችውና መልሳ ገጠመችው። ጥቂት ቆይቶ የስፌት ሱቁ ፏ አለ፤ የአው ሳኒ ልጅ ሙና በሻሿ ዓይኗን ከለለች።

መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ በስፌት ያረጁት አው ሳኒ የክሩን ጫፍ በምራቃቸው አርጥበው መርፌውን ወደ መብራቱ አነሡ። ክሩ ቀዳዳውን ስቶ አለፈ። ደግመው ሞከሩ፤ ደግሞ ሳተ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ትንሽ ተሻለ» አሉ። «ግን አሁንም ጨለም ይላል። የበሳሽው አንሶ እንዳይሆን?»

ኤሌክትሪሺያኗ ሙናን አየቻት። ሙና አንገቷን ደፋች።

«እሱ ነው አው ሳኒ፣ የበሳሁት አንሷል» አለች ኤሌክትሪሺያኗ፤ ብርሃኑ ዓይኗን እየወጋት፣ ክዳኑን ልታወርድ እንደገና መሰላሉ ላይ ወጣች።