ሁለት ጊዜ የፈላ ውሃ

ሐኪሟ ከሕፃኗ ክንድ የቀዳችውን ደም ነጭ ጨርቅ ላይ ጠብ አደረገችው። ቡናማ ነበር። ሃያ ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማረው የሕፃኗ አባት ጠብታውን ሲያይ ማንም ሳይነግረው ገባው። ደሟ ውስጥ ያለው ብረት አንድ ኤሌክትሮን ተነጥቆ ኦክስጅን መሸከም አቅቶታል። የልጅቷ ከንፈር የጠቆረው ለዚህ ነው።

«የምትጠቀሙት የጉድጓድ ውሃ ነው?» አለች ሐኪሟ፣ ሰማያዊ መድኃኒት በስሪንጅ እየሳበች። «ከማዳበሪያ የሚሰርግ ናይትሬት ሳይኖርበት አይቀርም፤ ደሟን እንዲህ ያደረገው እሱ ነው። ይሄ የተነጠቀውን ይመልስላታል።»

«ሪዳክሽን» አለ መምህሩ ለራሱ። ተማሪዎቹ ሁሌም በዚህ ቃል ይሳሳቱ ነበር፤ እሱም «መቀነስ ሳይሆን ኤሌክትሮን መቀበል ነው፣ ስንቴ ልንገራችሁ!» እያለ ሰሌዳውን በጠመኔ ይደበድብ ነበር። አሁን ግን ሰማያዊው ፈሳሽ ወደዚያች ቀጭን ክንድ ሲገባ፣ እንዳትነቃነቅ ክንዷን ደግፎ ያዘላት።

ግማሽ ሰዓት አለፈ። ሐኪሟ ሁለተኛውን ጠብታ ከመጀመሪያው አጠገብ አሳረፈችው። ቀይ ነበር።

«ተመስገን!» ሚስቱ እያለቀሰች እጁን ጭምቅ አደረገችው። «እኔ እኮ ‹ውሃ ይቀቀላል እንዴ?› እያልኩ ስስቅብህ ነበር። ለዱቄት ወተቷ ውሃውን ሁለቴ እያፈላህ ባትሰጣት ኖሮ ምን ይውጠን ነበር?»

ናይትሬት በእሳት አይጠፋም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር በተረፈው ውስጥ ይበረታል። ይህን ጥያቄ በየዓመቱ ለፈተና የሚያወጣው እሱ ራሱ ነበር።

ሐኪሟ ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያም ሆድ ይፍጀው ብላ አቀረቀረች። መምህሩ እጁን ከሚስቱ እጅ ሊያወጣ ሞከረ። እሷ ግን ይበልጥ አጥብቃ ያዘችው።