ከሁለት ጊታር አንዱ

ጃቢር የጓደኛውን የክንዱን ስም የጻፈው በግራ እጁ ነው፤ ጽሕፈቱ እንዳይታወቅበት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ የሚማሩ አምስት ጓደኛሞች ባንድ ነበራቸው። ዝማሬ ትዘፍናለች፤ ሰልማ ኪቦርድ፣ ወንዴ ድራም ይጫወታሉ፤ ክንዱና ጃቢር ጊታር ይመታሉ። ባንዱን ያቋቋመው ክንዱ ነው። ጃቢርንም ከአባቱ የጨርቅ ሱቅ ጎትቶ አውጥቶ፣ አንዱን የጊታር ክር ከሌላው መለየት ሳይችል ጣቱን ይዞ ያስተማረው እሱ ነው።

መድረክ ላይ ከወጡ በኋላ መነጋገር አያስፈልጋቸውም። ክንዱ አንገቱን ቀና ካደረገ ወንዴ ይፈጥናል። ዝማሬ ትንፋሽ ካጠራት ሰልማ በኪቦርዱ ትሞላላታለች። ጃቢር ሲስት ደግሞ ክንዱ ጠጋ ይልና የራሱን ጊታር ጮክ አድርጎ እየመታ ይሸፍንለታል። ይህ ከመደጋገሙ የተነሣ ጃቢር ልብ ማለቱን ትቶ ነበር።

በኋላ በቴሌቪዥን የሚተላለፍ የባንዶች ውድድር ባሕር ዳር ላይ ተዘጋጀ። ደንቡ አንድ ባንድ ከአራት ሰው እንዳይበልጥ ይላል። ቁስቋም አጠገብ በተከራዩት የመለማመጃ ክፍል ተሰበሰቡ።

«ከሁለቱ ጊታር አንዱ ይቀራል ማለት ነው» አለች ዝማሬ፣ ማንንም ሳታይ።

«የሚቀረውን ሰው ስም ጽፋችሁ ስጡኝ» አለ ክንዱ። «እኔ አልጽፍም፤ እቆጥራለሁ። ማን ምን እንደጻፈ ግን ዛሬም ነገም እንዳይወራ።»

ጃቢር መቅረት አልፈለገም። አባቱ ጊታር ተሸክሞ መዞሩን አልወደዱለትም፤ በቴሌቪዥን ካዩት ግን ልባቸው ይራራል ብሎ ተስፋ አድርጓል። ጻፈ።

ክንዱ አራቱን ቁራጭ ወረቀት ወደ መስኮቱ ዞሮ አነበበ። ትንሽ ቆየና ኪሱ ከተታቸው።

«የምቀረው እኔ ነኝ» አለ። «ሸጋ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌን እጨርስበታለሁ።»

ጃቢር ጎንበስ ብሎ ያልተፈታ ጫማውን ማሰር ጀመረ።

ከዚያ ወዲያ ሦስቱ ጃቢርን ዓይን ዓይኑን ማየት ተሳናቸው። ወንዴ ያለወትሮው ምሳ ይጋብዘዋል። ሰልማ ሲሳሳት «ምንም አይደል፣ እንደገና» ትለዋለች። ጃቢር ምክንያቱ አልጠፋውም። ክንዱን ያስቀሩት አብረው ነው፤ የሚተፋፈሩትም በአንድ ጥፋት ነው። የእሱ ግን ይብሳል። እነሱ ያስቀሩት ጓደኛቸውን ነው፤ እሱ አስተማሪውን።

አሁን የሚሸፍንለት ስለሌለ ቀን ከሌት ተለማመደ። ጣቱ ቆስሎ ዳነ፤ ደግሞ ቆሰለ። ባሕር ዳር ላይ ሁለተኛ ወጡ። አዳራሹ ቆሞ ሲያጨበጭብ ጃቢር እንደ ልማዱ ወደ ግራው ዞረ። ባዶ ነበር።

አባቱ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄን አያችሁት?» እያሉ ሰነበቱ። ጃቢር ያንን በሰማ ቁጥር ተነሥቶ ከቤት ይወጣ ነበር።

ክንዱ ተመርቆ አገሩ ዛሪማ ገባ፤ አስተማሪም ሆነ። በዓመቱ ጃቢር ሚኒባስ ተሳፍሮ ሄደ። መኪናው ሊማሊሞን እየተጠማዘዘ ሲወርድ የሚናገረውን በልቡ ይደጋግም ነበር።

ክንዱን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘው። ከስቷል፤ እጁን ጠመኔ ነክቶታል። አገላብጦ ሳመውና ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጠው።

«ቪዲዮውን አይቻለሁ። እንዴት አድገሃል!» አለው።

«አንተስ? ትጫወታለህ?»

«ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም።»

ጃቢር በልቡ ያጠናው ሁሉ ጠፋበት። «ክንዱ፣ ያን ቀን ስምህን ጽፌያለሁ» አለ። «ሌሎቹ ቢጽፉ እንኳ እኔ መጻፍ አልነበረብኝም። ዓመት ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ።»

ክንዱ አልተቆጣም። መሬት መሬቱን እያየ የእጁን ጠመኔ አራገፈ።

«ባንዱንም ልተወው ነው» ቀጠለ ጃቢር። «አንተን ከሸጡ ሰዎች ጋር ከእንግዲህ መድረክ ላይ አልቆምም። ዛሬ ማታ ገብቼ ለሦስቱም ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ።»

«ተው፣ አይሆንም።»

«ምነው? ምን አድርገውልህ ነው የምትከላከልላቸው?»

ክንዱ እጁን በጃቢር ትከሻ ላይ አሳረፈ።

«እነሱን አትቀየማቸው» አለ። «ከአራቱ ወረቀት የእኔ ስም የነበረበት አንዱ ብቻ ነው።»