የሸዋረጋ ቀይ አረፋ

ከሊጥም ሆነ ከወይን የሚወጣ አረፋ በራሽን ሆኗል። ከተመደበው ካለፈ ጣሪያው ላይ ያለው አሽታች ማሽን ምድጃውን ድርግም ያደርገዋል። ሸዋረጋ ግን "በሰርጌ ቀን ቀይ ወይን ሲፈነዳ ልስማ" ስላለች፣ ራሽኑ ለወይኑ እንዲተርፍ ቤቱ ሊጥ ሳያቦካ በቂጣ ከረመ።

ወንድሟ ጉልላት አላስችለው አለ። የወይኑ አተላ አንገቷ ላይ እንዲጠራቀም የተዘቀዘቀችውን ጠርሙስ በየደቂቃው ያሽከረክራታል።

"አንተ ቀበጥ፣ ተዋት! ሚዜዎቹ ደርሰዋል!" አለች እናቱ።

"እማዬ፣ አተላውን ብቻ ላስተፋት።"

ቡሹን ነካ ሲያደርገው ጧ! ወይኑ እንዳለ ጣሪያ ላይ ወጣ። አረፋው ከተቆጠበውም አልፎ ማሽኑ ጮኸ፣ ምድጃው ድርግም አለ፤ ዶሮ ወጡም ሳይበስል ቀረ።

ሸዋረጋ ቬሎዋን ሰብስባ ከጓዳ ወጣች። "ፈነዳች እንዴ? በሚዜዎቹ ጭፈራ ሳልሰማት?" እንባዋ መጣ።

ጉልላት ተቁለጨለጨ። ከዚያ ጣቱን ጉንጩ ውስጥ ወትፎ "ጧ!" አደረገላት።

አልሳቀችም። "ድገመው" አለችው።