የኔን መርፌ ለምራቴ

ልጆቼ፣ ጀርሙ መድኃኒቱን ሁሉ ከለመደው ወዲህ፣ የሚያድነው መርፌ ለአንድ ሰው በዕድሜው የሚፈቀደው አንድ ብቻ ነው። ምራቴ ዘቢደር የራሷን በልጅነቷ ለእግሯ ቁስል ተወግታዋለች። በወለደች በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ እንደ እሳት ለበለባት።

"የኔን ስጪያት" አልኳት የጤና ጣቢያዋን ነርስ።

"እናቴ፣ ነገ ሚስማር ቢወጋዎትስ?"

"ያን ጊዜ አብረን እናለቅሳለን፤ አሁን ውጊያት!"

ዘቢደር ዐይኗን ገለጠች። "እማማ፣ እምቢ! አልወስድም።"

"ዝም በይ! ያንቺን ጡት የሚጠብቅ አለ፤ የኔን ማን ይጠባል?" ብዬ ክንዷን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። ነርሷ ወጋቻት።

በማግስቱ ትኩሳቱ በረደ። ቤት ገብተን ሽንኩርት ልከትፍ ቢላ ባነሳ፣ ከአክብሮት የተነሳ ቀና ብላ እንኳ አይታኝ የማታውቀው ምራቴ እጄን እንደ ሕፃን እጅ መታ አድርጋ ቢላውን ነጠቀችኝ።